የጓሮ ተመልካቾች

ጉኑኖ ውስጥ የሰውን ኑሮ ማወቅ የፈለገ ደመወዙን አይጠይቅም፤ ጓሮውን ያያል። እጅህን ጨብጦ የቤተሰብህን ደህንነት አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ዓይኑ በትከሻህ ላይ ተሻግሮ እንሰትህን ይቆጥራል። ስንቱ ለመፋቅ ደርሷል? ስንቱ ገና ነው? ከሥሩ ያለው ጎመን ነው ወይስ ጎመን የመሰለ አረም? አንተ “ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን” ብለህ ሳትጨርስ እሱ የዓመት ሒሳብህን ዘግቷል። ዋና ኦዲተር እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖረው ኖሮ ስንት መሥሪያ ቤት በጊዜ በተነቃበት!

ለማያውቃት፣ ጉኑኖ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በዳሞት ሶሬ ያለች ከተማ ናት። ብዙዎች ከገበያዋ ቀን ጋር አያይዘው “ጉኑኖ ሐሙስ” ይሏታል። ከተማ ናት ስል ባጃጅና ሱቅ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆችና ሻይ ቤት አላት ማለቴ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ካልክ ግን እንሰት ነው፣ ቡና ነው፣ አቮካዶ ነው፣ ቦይና የምንለው ጎደሬ ነው፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ቤት አለ። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ስለሆነ፣ የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። እናም እዚህ “የጓሮ አትክልት” ሲባል አዲስ አበባ እንደሚባለው አይደለም። እዚያ በረንዳ ላይ በተሰነጠቀ ባልዲ የበቀለች ቆስጣ ናት፤ ከምትቀነጠስበት ቀን ፎቶ የምትነሳበት ቀን ይበዛል። እዚህ ግን ጓሮው ጓዳም ነው፣ ባንክም ነው፣ የልጅ ደብተር መግዣም ነው።

የግቢው አሠራር ራሱ ተንኮል አለበት። ከቤቱ ፊት ሣር ሜዳ አለ፤ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚሯሯጥበት፣ ሽማግሌ የሚሸመግልበት። ሣሩ አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይደብቅም። ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባ ነው። ከቤቱ አጠገብ እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ቡና፣ በቡናው ሥር ጎመን፣ በአጥሩ ላይ ዱባ፣ ጥግ ጥጉን ጤናዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ለዳጣ የምትሆን ሚጥሚጣ። ትንሽ ራቅ ሲል ቦይና፣ ከዚያ ስኳር ድንች፣ ከዚያ በቆሎ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣው የግብርና ባለሙያ አይደለም። ያወጣው እበት ነው።

እበቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጉኑኖን ይረዳል። ከብቶቹ ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ እናቶችና ልጆች የከብቱን ወገን ይጠርጉና፣ እበቱን ከአመዱና ከተራረፈው ድርቆሽ ጋር በቅርጫት ሞልተው ወደ እንሰቱ ሥር ይወስዱታል። እርጥብ እበት ከባድ ነው፤ ቅርጫቱም ያንጠባጥባል። እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመች ሴት ማለዳ በባዶ ሆዷ ሩቅ አትሄድም። ስለዚህ ከቤቱ አጠገብ ያለው መሬት፣ ዳርኩዋ የሚሉት፣ ከትውልድ ትውልድ እበት ሲጠጣ ኖሮ ጠቁሯል፤ እጅህን ብትሰድበት እስከ አንጓህ ይገባል። ሸክሙ ከሚያልቅበት ወዲያ ያለው፣ ሾቃ የሚሉት፣ ግን ቀይ ነው፤ በበጋ ዶማ ይመልሳል። መስመሩ በዓይን ይታያል። የጉኑኖን የአፈር ካርታ ያነሳው የሴቶች ወገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አፈሩን በሚዛን ያየው ሌላ ወገንም ነበር። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1981 እ.ኤ.አ. በጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ውስጥ ጉኑኖ ከጥቂቶቹ የምርምር ጣቢያዎች አንዷ ነበረች፤ ከማይባር፣ ከአንዲት ጥድና ከአንጀኒ ጋር ስሟ አብሮ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ ጠባብ ማሳ ይከለላል፣ ከግርጌው በርሜል ይቀበራል፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የወረደው ውሃና ጭቃ ይለካል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። እኔ በዚያ ዘመን ሽማግሌ ብሆን ኖሮ አጥሩ ላይ ተደግፌ ስስቅ እውል ነበር፤ አፈራችን በነፃ ሲሄድ ኖሮ ደረሰኝ የተቆረጠለት ያን ጊዜ ነው። የጥናቱ መንፈስ ግን ጎረቤቴ ከሚያውቁት የራቀ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሸፈነው መሬት አፈሩን ይዞ ይቆያል፣ ተገልብጦ ዝናብ የሚጠብቅ ማሳ ግን አፈሩን ለወንዝ ይሰጣል።

ጎረቤቴ ያልኳቸው ሴትዮ ሰፈሩ በሙሉ “አዬ” የሚላቸው ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ቁጥር እሳቸውም በጣት ጀምረው ይተዉታል። ጓሮዬ ከጓሯቸው የሚለየው በአንድ ረድፍ እሬትና በአንድ የዱባ ሐረግ ነው፤ ሐረጉ ደግሞ ሥሩ በእሳቸው፣ ፍሬው በእኔ በኩል ስለሆነ እስካሁን ውሳኔ አላገኘም።

ከአዲስ አበባ የሰላጣ ዘር ያመጣሁ ጊዜ መደቡን ስሠራ ቆመው አዩኝ። አላቋረጡኝም። ሰላጣው በቅሎ፣ ተርገብግቦ፣ የሚያምር ሲሆን ነው የመጡት።

“ይሄ ሲበስል ምን ይሆናል?”

“አይበስልም፣ አዬ። ጥሬውን ነው የሚበላው።”

“በምን?”

“በዘይትና በሎሚ።”

ትንሽ አሰቡ። “ላም አለህ እንዴ?” አሉኝ።

ሰላጣው ግሩም ሆኖ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ማንም አልነካውም። ልጆቹ በአጠገቡ አልፈው ወደ ካሮቱ ይሄዳሉ። ወፉም አይቶ ያልፈዋል። ዘመድ መጥቶ “ምን ላስይዝህ?” ስለው ሰላጣውን ዘሎ ጎመኑን ያሳየኛል። ጉኑኖ ውስጥ የአትክልት ደረጃ የሚወጣው በጣዕም ሳይሆን በሚወስዱት ብዛት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰው ያልተመኘው ጓሮ ለባለቤቱ አያኮራም።

የሚወስዱት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ተራም አላቸው።

መጀመሪያ ወፍ ነው። ወፍ ካዝሚሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋዋል፤ ሙሉውን አይበላም፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሙሉውን ቢበላው እንኳ ይቅር ባልኩት ነበር። ቀጥሎ ፍልፈል ነው። ፍልፈልን ከላይ አታየውም፤ የምታየው ሥራውን ነው። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ ቦይና ዛሬ ቅጠሉ ዘንበል ይላል፤ ስትስበው ያለምንም ተቃውሞ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ የለም። ከሥሩ ይልቅ ጨዋነቱ ያናድዳል፤ ግንዱን አቁሞልህ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎልህ፣ የሚበላውን ብቻ ወስዷል። ለዚህ ሙያተኛ ወጣት አለ። ጉድጓዱን ከፍቶ፣ ከጎበጠ እንጨት ጋር ሸምቀቆ አጥምዶ፣ ፍልፈሉ “ማነው በሬን የከፈተው?” ብሎ ሊደፍን ሲመጣ ይይዘዋል። ክፍያው በራስ ነው፤ ራሱን አምጥቶ ያሳይሃል። አዬ ግን አያምኑትም። “ያ ራስ ባለፈው ሳምንትም መጥቶ ነበር” አሉኝ አንድ ቀን፣ ልጁ ከሄደ በኋላ።

ጃርት ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ስኳር ድንቹንም የእንሰቱንም ግንድ አይንቅም። ስለ ጃርት ብዙ አልልም፤ ሌሊት የሚሠራን ሰው ማማት ነውር ነው።

ከዚያ ልጆች አሉ። አቮካዶ በዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ደርሶ ሲቆረጥ ነው መብሰል የሚጀምረው፤ በገለባ ውስጥ ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ አቮካዶ የሚለቅም ልጅ ተርቦ የሚለቅም ልጅ አይደለም፤ ዕቅድ ያለው ልጅ ነው። ዘይቱና የሚወስደው እዚያው ዛፉ ላይ ሆኖ ይበላል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በዚያው ፍርዱን ያገኛል። አቮካዶ የሚወስደው ግን ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ሜንጦ አሥሮ፣ ከሥር የሚቀልብ ጓደኛ አቁሞ፣ ወድቆ እንዳይቀጠቀጥ ተጠንቅቆ ነው። እነዚህ ልጆች አድገው ነጋዴ እንጂ ሌባ አይሆኑም።

በመጨረሻ ዘመድ አለ። ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ “ዩሪያ” ተብሎ የተጻፈበት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ነው የሚመጣው። “እግረ መንገዴን ነው” ይልሃል። የእግሩ መንገድ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ጎመኑ ለምልሞ ቦይናው ሲደርስ ወደ አንተ የሚያጋድለው ለምን እንደሆነ አይጠየቅም። ከሶዶ የመጣው ከጎመኑ ይወስዳል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ከቡናው፤ ዳጣ ደግሞ ሁሉም ይወስዳል። የእኛ ቤት ዳጣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በድንጋይ ላይ ሚጥሚጣውን እስኪቀበል ተፈጭቶ፣ በሶብላና ኮረሪማ ገብቶበት ነው የሚሰጠው፤ ብልቃጡን አምጣ ብለን ግን የጠየቅነው ዘመድ እስካሁን አልመለሰም።

ሁሉም ይወስዳል፣ ሁሉም ይገባል፤ ጉኑኖ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይዘህ ጓሮ አትገባም። ቢላዋ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ፣ ከኛው አገር ተለይቶ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበው፣ ዋነኛ ሠረገላው የታመመ እንሰት ቆርጦ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው። መጀመሪያ መሃለኛው ቅጠል ይገረጣል፣ ከዚያ ይሰበራል፣ ቅጠሉ ከሥሩ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል፤ ከአምስት ስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ የቤቱ ቆጮ መሬት ላይ ይበሰብሳል። መድኃኒት የለውም፤ ታማሚውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋን በእሳት መለብለብ ብቻ ነው። በቅርባችን ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይህንኑ ሲሉ ይኖራሉ። እናም እኔ ቤት የመጣ እንግዳ፣ እንዲያው ለማገዝ ብሎ፣ “ለዳቦው ኮባ አንድ ሁለት ልቁረጥላችሁ?” ብሎ ሴንጢ ከኪሱ ሲያወጣ፣ አዬ ከአጥሩ ማዶ እንዴት እንዳዩት እንጃ፦

“አንተ ልጅ! ያ ቢላዋ ትናንት የት ነበር?”

እንግዳው የፖሊስ ምርመራ መሰለው። ትናንት የት እንደነበረ፣ ምን እንደቆረጠበት፣ ማን እንዳዋሰው በዝርዝር ተናገረ። ሴንጢው ምድጃ ውስጥ ገብቶ ቀልቶ እስኪወጣ ድረስ ወደ እንሰቱ አልተጠጋም። አቮካዶዬ ሲሄድ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሴትዮ ለእንሰቴ ሲሉ የሰው እንግዳ አዋከቡ። እንሰት ሲታመም አጥር አያውቅምና ትክክል ናቸው።

ሰሞኑን ደግሞ የጓሮ ወሬ ሁሉ ፍራፍሬ ሆኗል። በደቡብ የተጀመረውና “30-40-30” የሚባለው መርሐ ግብር እያንዳንዱ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት 30፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 30፣ በድምሩ 100 የፍራፍሬ ችግኝ እንዲተክል ያሳስባል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሒሳቡን ግን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መቶው ሁሉ አቮካዶ ነው እንበልና በ7 ሜትር ርቀት ይተከል፤ አንዱ ዛፍ 49 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ መቶው 4900 ካሬ ሜትር። ግማሽ ሄክታር ሊሞላ 100 ካሬ ይቀረዋል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው እኛ ዘንድ ባለጸጋ ነው፤ በተረፈችው መቶ ካሬ ላይ ቤቱን፣ ላሙን፣ እንሰቱን፣ ሚስቱንና ስድስት ልጁን ያስቀምጥ። እርግጥ ገበሬው ከካልኩሌተር ይልቅ ብልህ ነው፤ ፓፓያውን በአጥር ጥግ፣ ሙዙን በፍሳሹ ዳር፣ አቮካዶውን ከጎረቤት ወሰን ላይ ያቆማል። ወሰን ላይ የቆመው ጥላው ለጎረቤት፣ ፍሬው ለባለቤቱ ነው፤ ሽማግሌዎች ሥራ አያጡም።

አዬ ስለ አቮካዶ ያላቸው አቋም ጥብቅ ነው። “ጥሩ ነው፣ ይሸጣል” ይላሉ፤ “ግን ከሥሩ ማንንም አያሳድግም።” እውነታቸውን ነው፤ ጥላው ሲሰፋ እንሰቱ ይቀጭጫል፣ ጎመኑም ይገረጣል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አይቻለሁ። ጎመን፣ ቦይና፣ ሚጥሚጣ የእናቶች ነበሩ፤ ሐሙስ ገበያ ወስደው ሸጠው ጨውና ሳሙና ይገዙበታል፤ ማንም ባል “ስንት አወጣ?” ብሎ አይጠይቅም። አቮካዶም ዋጋ ሳይኖረው እንዲሁ የጓሮ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ስፕሪስ ሲጠጣ፣ አይሱዙ መንደር ድረስ ሲመጣ፣ ዛፉ በአንድ ጀምበር የአባወራ ሆነ። እበቱን አሁንም የሚሸከሙት እናቶች ናቸው።

እንዲያም ሆኖ ከአቮካዶ ይልቅ ቦይና ይከበራል፤ ምክንያቱም ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ሁሉም ያስታውሳል። የበቆሎ ጎተራው ባዶ፣ የበልጉ ምርት ገና፤ ያን ጊዜ ቤቱን የሚያቆመው መሬት ውስጥ የተቀመጠው ነው፤ ስኳር ድንች፣ ቦይና፣ እንሰት። በ2000 ዓ.ም. በልጉ ሲከዳና የስኳር ድንቹ ሐረግ ለዘር እንኳ ሲጠፋ፣ በኋላ ዝናብ መጥቶ አገሩ ሁሉ ለምልሞ ሕፃናት ግን በረሃብ ማገገሚያ ጣቢያ ሞልተው ነበር። የውጭ ጋዜጦች “አረንጓዴ ረሃብ” ብለው ጻፉ። ያን ዓመት ያየ ሰው ጓሮህን ሲያልፍ የሚቆጥረው ለሐሜት ብቻ አይደለም፤ ማን ጋ ምን እንዳለ ማወቅ የሰፈር ግዴታ ነው። “ቦሎሶ-1” የሚባለውን የቦይና ዝርያ ከአረካ ምርምር ወስዶ የተከለ ገበሬም ዘሩን ደብቆ አላቆየም፤ ቢደብቅስ ከማን ዓይን? ቦይና ጥሬውን ሲላጥ እጅ ያሳክካል፤ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይይዛል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወዳጄ እልህ ይዞት አንድ ቁና ላጠ፤ ራት ቀርቦ ጸሎት ሲደረግ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን፣ የሚሰማው የእሱ ማከክ ብቻ ነበር። ተቀቅሎ ዳጣ ሲነካለት ግን ስንቱን እንደበላ አልተቆጠረም።

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። ከአትክልት ተራው መጨረሻ፣ ጎመን ነጋዴዎቹ መካከል፣ አዬ ኮባ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጎመን በእሥር በእሥር፣ ጥቂት ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ጤናዳም። ከጎናቸው ደግሞ አቮካዶ፤ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ቆዳው ነጠብጣብ ያለበት። እንዲህ ያለ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ የት እንደቆመም አውቃለሁ። ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው ዘንጉን እንኳ አላስቀመጠም።

“አዬ፣ አቮካዶው እንዴት ነው?”

“አንዱ አሥር። ላንተ ስምንት።”

“ከየት የመጣ ነው?”

ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አላነሱም። “ከጥሩ ጓሮ ነው። ሥሩ እበት ይጠጣል፤ ባለቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም።”

አራት ገዛሁ። ሠላሳ ሁለት ብር ከፍዬ ልሄድ ስል፣ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደዱና አንዱን እየጫኑ መረጡ፤ ያልበሰለውን ትተው የበሰለውን። ምርቃት ብለው ጨመሩልኝ።